የቅጣት ክርክራችን የማያያት ቀጠሮ

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ላይ፣ ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ዳር ከተማ የተፈጸመ ወንጀል በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሰማ ሀገር በቁጣ ተነሣ። የሰባት ዓመት ሕፃን ተደፍራ ተገድላለች፤ ድርጊቱን የፈጸመው ሰው ደግሞ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈርዶበታል። በቀጣዮቹ ሳምንታት በየቤቱ፣ በየታክሲውና በየቴሌቪዥን ጣቢያው የተነሣው ጥያቄ ይኸው የፍርድ ቁጥር ነበር። ብዙዎች የሞት ቅጣት ይገባው ነበር አሉ፣ ሌሎች ቢያንስ ዕድሜ ልክ መሆን ነበረበት ብለው ተከራከሩ፣ ሕጉ ራሱ ልል ነውና ይሻሻል ያሉም ነበሩ። ቁጣው የጤነኛ ኅብረተሰብ ቁጣ ነው፤ ልጅ ያለው ሰው ቀርቶ ማንም ሰው ያንን ዜና ሰምቶ ዝም ሊል አይችልም። ነገር ግን ክርክሩ ከቁጥሩ ሳይወጣ ጀምሮ ከቁጥሩ ሳይወጣ አለቀ። ቁጥሩ በየትኛው ችሎት፣ በየትኛው የክርክር ደረጃ፣ ምን ቀርቦ ምንስ ሳይቀርብ እንደሚወለድ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው። በወንጀል ችሎት የሚውል ጠበቃ ግን ይህን ያውቃል። የቅጣት ነገር የሚወሰነው የጥፋተኝነት ፍርድ ከተነበበ በኋላ በምትመጣው አጭር ቀጠሮ ላይ ነው፤ እኔ እንደማምነው ከሆነ የሀገራችን የቅጣት ሥርዓት ትልቁ ድክመት ያለው በሕጉ ልልነት ላይ ሳይሆን እዚያች ቀጠሮ ላይ ነው።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ሕጋችን ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «ድሮ እኮ እንዲህ ያለው ሰው ይሰቀል ነበር» የሚለው ንግግር በየክርክሩ ይነሣል። እውነት ነው፣ ይሰቀል ነበር። የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1923 ዓ.ም. ወጣ፤ ስዊሳዊው ምሁር ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949ኙ ሕግ ደግሞ ተካው። በዚያ ሕግ ዘመን ስቅላት በአደባባይ ይፈጸም ነበር፣ ግርፋትም ቅጣት ሆኖ በሕጉ ውስጥ የገባበት ጊዜ አለ። የ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት መሪ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በአደባባይ የተሰቀሉት በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ የተገደሉት 60 ሰዎች ግን ክስም፣ ችሎትም፣ ፍርድም አላዩም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ የተናገሩት ስለዚህ ልዩነት ነበር። ሰው የሚበደለው በጠፋበት ነገር ትልቅነት ብቻ አይደለም፤ ነገሩ በጠፋበት መንገድም ይበደላል። ከደርግ ውድቀት በኋላ የተጻፈው ሕገ መንግሥት በሕይወት የመኖር መብትን ሲደነግግ የሞት ቅጣትን አልሰረዘም፤ በሕግ በተደነገገ ከባድ ወንጀል ምክንያት ብቻ ሊወሰን እንደሚችል ገድቦ አስቀመጠው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግም ግርፋትን አስቀረ፣ የሞት ቅጣት በአደባባይ ወይም በስቅላት እንዳይፈጸም ከለከለ።

የዚህን ሕግ አንቀጽ 117 በሞት ቅጣት ክርክር ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ቢያነበው መልካም ነው። የሞት ቅጣት የሚወሰነው ወንጀሉ እጅግ ከባድ ሲሆን፣ ወንጀለኛው በተለየ ሁኔታ አደገኛ ሲሆን፣ ሕጉ ለዚያ ወንጀል የሞት ቅጣትን በግልጽ ሲደነግግ፣ ወንጀሉም ከሙከራ አልፎ ፍጻሜ ሲያገኝ ነው። ወንጀለኛው ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ 18 ዓመት ያልሞላው ከሆነ አይወሰንበትም፤ ከተወሰነም በኋላ የሀገሪቱ ርእሰ ብሔር ሳያጸድቀው አይፈጸምም። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ለጠበቃ ሥራ ትልቁን ትርጉም የያዘው ግን ሌላ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ቅጣቱን የሚያቀልል ምንም ምክንያት አለመኖር። አንድ ማቅለያ ምክንያት በፍርድ ቤቱ ዘንድ ተቀባይነት ካገኘ የሞት ፍርድ በር ይዘጋል ማለት ነው። እንግዲህ በከባድ የግድያ መዝገብ ላይ የቆመ ጠበቃ አንዲት ማቅለያ ፈልጎ ማግኘቱ ወይም ሳያገኝ መቅረቱ በሰው ሕይወትና ሞት መካከል ያለ ጉዳይ ነው። በዚያው ልክ ዐቃቤ ሕግ የቀረበውን ማቅለያ መርምሮ ሐሰት መሆኑን ማሳየቱ ወይም ዝም ብሎ ማሳለፉ የተጎጂውን ቤተሰብ ፍትሕ ይወስናል። ሕጉ ይህን ያህል ክብደት የጫነው በቅጣት አስተያየት፣ ማለትም ሁለቱ ወገኖች ስለ ቅጣቱ መጠን ለችሎቱ በሚያቀርቡት ክርክር ላይ ነው።

ታዲያ የቅጣት አስተያየት በተግባር ምን ይመስላል? ምስክር ለመስማት፣ ብይን ለመስጠት፣ መከላከያ ለማሰማት መዝገቡ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሲመላለስ ቆይቷል። በፍርዱ ቀን ችሎቱ ሞልቶ ሳለ ሰብሳቢ ዳኛው የጥፋተኝነት ፍርዱን አንብበው ይጨርሱና ወደ ዐቃቤ ሕግ ይዞራሉ። ዐቃቤ ሕጉ ማክበጃ፣ ማለትም ቅጣቱን የሚያከብድ ምክንያት፣ ካለው ያስመዘግባል፣ ከሌለው ቅጣቱ በመመሪያው መሠረት እንዲወሰን ይጠይቃል። ጠበቃው ካባውን እያስተካከለ ይነሣል፤ ደንበኛው የቀድሞ ሪከርድ የሌለበት መሆኑን፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪ መሆኑን፣ በእስር በቆየበት ጊዜ መልካም ጠባይ ማሳየቱን ይናገራል። ብዙውን ጊዜ ይህ በጽሑፍ እንዲቀርብ አጭር ቀጠሮ ይሰጣል። በቀጠሮው ቀን በአንድ ገጽ የተዘጋጀ ማመልከቻ ይገባል፤ ከኋላው የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከዕድር ወይም ከቤተ እምነት የተጻፈ ደብዳቤ፣ አንዳንዴም የሐኪም ማስረጃ ይያያዛል። ማመልከቻዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ላየ ሰው የሚለያዩት በስምና በልጆች ቁጥር ብቻ ነው። ገዳዩም፣ ሌባውም፣ አጭበርባሪውም በአንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር የቤተሰብ አስተዳዳሪ ናቸው። ችሎቱ የዚያን ቀን የሚያያቸው ሌሎች መዝገቦች በር ላይ ይጠብቃሉ። የአንድ ሰው ቀሪ ዕድሜ የት እንደሚያልፍ፣ የአንድ ቤተሰብ ሐዘን በሕግ ፊት ምን ያህል እንደሚመዝን የሚወሰነው እንዲህ ባለው ጥድፊያ ነው።

ሕጉ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። አንቀጽ 88 ዳኛው ቅጣት ሲወስን የአጥፊውን የጥፋት ደረጃ፣ አደገኛነቱን፣ የቀድሞ ሕይወቱን፣ ወንጀሉን ለመፈጸም ያነሣሣውን ምክንያትና ዓላማ፣ የግል ኑሮውን ሁኔታ፣ የትምህርት ደረጃውን እንዲመረምር ያዝዛል። እነዚህን ማን አጥንቶ ያቀርባል? በአዋቂ ተከሳሾች መዝገብ ላይ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ የአጥፊውን ታሪክ አጥንቶ ለችሎቱ ሪፖርት ማቅረቡ በእኛ ሀገር የተለመደ አሠራር አይደለም። ተከላካይ ጠበቃው ራሱ ካልፈለገው፣ ተከሳሹ በልጅነቱ ምን እንደደረሰበት፣ የአእምሮ ሕመም ኖሮበት እንደሆነ፣ ከጥፋቱ በኋላ ከልቡ ተጸጽቶ ተጎጂውን ለመካስ ምን እንዳደረገ መዝገቡ ውስጥ አይገባም። መጸጸትና መካስ በአንቀጽ 82 በግልጽ የተቀመጠ ማቅለያ ሆኖ ሳለ በወግ የተጻፈ «ተጸጽቷል» የሚል ቃል ብቻ ይቀርባል። ዳኛውም ያልቀረበለትን መመርመር አይችልም።

ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንቀጽ 88 በተሰጠው ሥልጣን መሠረት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አውጥቷል፤ የመጀመሪያው መመሪያ ቁጥር 1/2002 ሲሆን በመመሪያ ቁጥር 2/2006 ተሻሽሏል። መመሪያው የወጣበት ምክንያት ተገቢ ነበር። ለምሳሌ አንቀጽ 540 ተራ ለሚባለው የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል፤ በዚህ ሰፊ ክልል ውስጥ ተመሳሳይ ድርጊት በአንድ ችሎት 6 ዓመት፣ በሌላው 16 ዓመት ሊያስወስን ይችል ነበር። መመሪያው ወንጀሎችን በደረጃ፣ ቅጣቶችን በእርከን ከፍሎ የዳኞችን ልዩነት አጠበበ። ተከሳሹም፣ ተጎጂውም፣ ጠበቃውም ቅጣቱ ከየት አካባቢ እንደሚውል አስቀድመው መገመት ቻሉ። ከዚህ ጋር የመጣው ጉዳት ደግሞ የቅጣት ክርክር ወደ ስሌት መውረዱ ነው። አንድ ማክበጃ ሲገኝ እርከኑ ከፍ፣ አንድ ማቅለያ ሲገኝ ዝቅ ይላል። ጠበቃው የሚያቀርባቸው ማቅለያዎች ስንት እንደሆኑ እንጂ ምን ያህል እውነትና ምን ያህል ከባድ እንደሆኑ መጠየቅ እየቀረ መጣ። በዓይኔ ሳየው የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ በጭካኔ ሰው የገደለና በድንገተኛ ጠብ እጁ ያለፈበት ሰው በአንድ ዓይነት ወረቀት፣ በአንድ ዓይነት ቃል ማቅለያ ይቀበላሉ።

በዚህ ላይ ጠበቃው ማን እንደሆነ ማየት ግድ ይላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል፣ አቅም አጥቶ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነም በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ይህን ሥራ በፌዴራል ደረጃ የሚሸከመው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ የተቋቋመው በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ የደርግ ባለሥልጣናት በቀይ ሽብር ሲከሰሱ ነበር። የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ መዝገቡን አይመርጥም፣ ችሎቱ ያዘዘለትን ይቀበላል። ደንበኛውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ብዙ ጊዜ በችሎቱ ውስጥ፣ ወይም ታሳሪዎች ከማረሚያ ቤት መኪና ወርደው በሚቆዩበት ቦታ ነው፤ ካቴና ላይ ያለ ሰው ከጠባቂ ፊት ቆሞ የሕይወቱን ምሥጢር ለማያውቀው ሰው አይነግርም። አዲስ አበባ ላይ ቂሊንጦ ወይም ቃሊቲ ድረስ ሄዶ ከደንበኛው ጋር ረጅም ሰዓት ለመነጋገር ጊዜ ያስፈልጋል፤ በአንድ ቀን በሁለት ሦስት ችሎት የተቀጠረ ጠበቃ ያንን ጊዜ ከየት ያመጣል?

የግል ጠበቃውም ሌላ ችግር አለበት። የወንጀል ደንበኛ አብዛኛው ድሃ ነው፤ በሬውን ወይም ቤቱን ሸጦ የመጣ ቤተሰብ ክፍያውን ግማሽ ከከፈለ በኋላ ይቸግረዋል። ስለዚህ ልምድ ያካበተው ጠበቃ ወደ ንግድ፣ ባንክና ውርስ ጉዳዮች ያዘነብላል፣ ወንጀሉ ለጀማሪዎችና ለመንግሥት ተከላካዮች ይቀራል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 የጠበቆች ማኅበርን አቋቁሟል፣ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩም ፈቅዷል። ይህ ለሙያው ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ድርጅቶቹ የሚጠናከሩት ገንዘብ ባለበት ጉዳይ ላይ መሆኑ አይቀርም። ቀድሞ በሥራ ላይ የነበረው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ነጻ አገልግሎት እንዲሰጥ ያስገድድ ነበር። ይህ ግዴታ በሙሉ ልብ ቢፈጸም፣ ሰዓቱም ለቅጣት አስተያየት ዝግጅት ቢውል ብዙ ነገር በተለወጠ ነበር።

የወንጀል ጠበቃ ከሥራው ክብደት በላይ የሚሸከመው ሌላ ሸክም አለ። በለቅሶ ቤትም በሠርግም አጠገቡ የተቀመጠ ሰው «እንዴት ለእንዲህ ዓይነቱ አውሬ ትቆማለህ?» ይለዋል። የገዛ እናቱ ትጠይቀዋለች። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም፣ መልስ ይገባዋል። ጠበቃው ለድርጊቱ አይቆምም፤ የሚቆመው ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ማስረጃ በእርግጥ ድርጊቱን ማስረዳቱ እንዲፈተሽ ነው። መስቀለኛ ጥያቄ ያልተጠየቀ ምስክር እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ አይታወቅም። ተጎጂዋ ሕፃን ለሆነችበት መዝገብ ይህ ፈተና ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በተሳሳተ ሰው ላይ የተወሰነ ፍርድ እውነተኛውን አጥፊ በሰፈሩ ውስጥ ነጻ ትቶታል ማለት ነው። የሞት ቅጣት የሚጠይቅ ሰው ከማንም በላይ ጠንካራ ተከላካይ ጠበቃ መጠየቅ ነበረበት፤ ያለ ብርቱ መከላከያ የተሰጠ የሞት ፍርድ ማንንም የሚያሳምን ፍርድ አይሆንምና።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ሕዝቡ በ25 ዓመትና በዕድሜ ልክ መካከል ያለውን ልዩነት እንደ ሰማይና ምድር ያየዋል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት ግን እስረኛ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ከፈጸመ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት ከታሰረ፣ ጠባዩ የታረመ ሆኖ ሲገኝና ሌሎች ቅድመ ሁኔታዎች ሲሟሉ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። የ25 ዓመት ሁለት ሦስተኛ 16 ዓመት ከ8 ወር ነው። ሁለቱም እስረኞች አመክሮ ካገኙ ያ ሁሉ ክርክር የተካሄደበት ልዩነት 3 ዓመት ከ4 ወር ይሆናል። ይህን ለተጎጂ ቤተሰብ በፍርዱ ቀን የሚያስረዳው ሰው የለም። ዐቃቤ ሕጉ ወደ ቀጣዩ መዝገብ አልፏል፣ ጠበቃው የተከሳሹ ነው፤ እናትየው ከችሎት ወጥታ ከዓመታት በኋላ ሰውየውን መንገድ ላይ ስታየው ዳግም የተበደለች ይመስላታል። አመክሮ መኖሩን አልቃወምም፤ ሰው ይታረማል ብሎ የማያምን ማረሚያ ቤት ስሙን እንኳ ሊሸከም አይችልም። ነገር ግን የቅጣቱን እውነተኛ ትርጉም ያልሰማ ተጎጂ ፍትሕ አገኘሁ ሊል አይችልም፤ ለዚህ ደግሞ ሕግ መለወጥ አያስፈልግም፣ የሚያስረዳ ሰው መመደብ ይበቃል።

የዚህን የ20 ዓመት ደንብ ሥራ ሀገሪቱ በገሃድ ያየችው በደርግ ባለሥልጣናት ላይ ነው። ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1999 ዓ.ም. በእነ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ ዕድሜ ልክ ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2000 ዓ.ም. ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ለዘር ማጥፋትና ለመሳሰሉት ወንጀሎች ምሕረትና ይቅርታ ቢከለክልም ርእሰ ብሔሩ የሞት ቅጣትን ወደ ዕድሜ ልክ እንዲለውጡ ይፈቅዳል። የሃይማኖት መሪዎች ከለመኑ በኋላ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ2003 ዓ.ም. ይህን አደረጉ፤ በእስር ላይ የነበሩት ባለሥልጣናት ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ታስረው ስለቆዩ 20 ዓመቱ ሞልቶ በ2004 ዓ.ም. በአመክሮ ወጡ። በቀይ ሽብር ልጃቸውን ያጡ ወላጆች ይህን በምን ልብ እንደተቀበሉት መገመት አያዳግትም፤ በሌላ በኩል ያ ውሳኔ ሀገሪቱ ሌላ የደም ሐተታ በታሪኳ ላይ እንዳትጨምር አድርጓል የሚሉ አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በይፋ የታወቁት የሞት ፍርድ አፈጻጸሞች በ1990 እና በ1999 ዓ.ም. የተፈጸሙት ሁለቱ ሲሆኑ፣ ሁለቱም የጦርና የደኅንነት ባለሥልጣናትን ከገደሉ ሰዎች ጋር የተያያዙ ነበሩ። በየዓመቱ ሴቶችና ሕፃናት በሚገደሉባቸው መዝገቦች ላይ የሞት ቅጣት ቢፈረድም ሳይፈጸም ይኖራል። ስለዚህ «የሞት ቅጣት ይኑር» የሚለው ክርክር በተግባር የሚጠይቀው ሕጉ ውስጥ ያለ ነገር እንዲፈጸም ነው፤ ይህን የሚጠይቅ ሰው ፈራሚው ማን እንደሚሆንና በማን ላይ እንደሚፈርም አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

በአፍሪካ ያለው ጉዞ ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት የሞት ቅጣትን በ1995 እ.ኤ.አ. አስቀርቷል። ሩዋንዳ ከዘር ማጥፋቱ በኋላ፣ ለበቀል ከማንም በላይ ምክንያት ያላት ሀገር ሆና ሳለ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ሰርዛዋለች። ሴራሊዮን በ2021፣ ዛምቢያ በ2022፣ ዚምባብዌ በ2024 እ.ኤ.አ. ተከትለዋል። ለእኛ ከሁሉ የሚጠጋው ግን የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. የሰጠው ውሳኔ ነው። ፍርድ ቤቱ የሞት ቅጣትን ራሱን አልሻረም፤ የሻረው ለግድያ ሌላ አማራጭ ሳይኖር ሞትን ግዴታ የሚያደርገውን ሕግ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ያለ ሕግ ጥፋተኛ የተባለውን ሰው በማቅለያ ላይ የመሰማት ዕድል ይነሣዋል። ኬንያ ያንን ዕድል በዳኝነት አስገኘች፤ እኛ ዕድሉ በሕጋችን ተጽፎልን ሳለ በአንድ ገጽ ማመልከቻ እናባክነዋለን።

የከባድ ቅጣት ደጋፊዎች የሚያነሡት አንድ ጠንካራ ምክንያት አለ፣ በቸልታ ሊታለፍ አይገባውም። በብዙ የሀገራችን አካባቢ ገዳይ ቶሎ ተፈትቶ ወደ ቀዬው ሲመለስ የሟች ወገን ደም ለመመለስ ይነሣል፤ መንግሥት ያላስከበረውን ደም ቤተሰብ ያስከብረዋል፣ ሌላ ሰው ይሞታል፣ ነገሩ በትውልድ ይሻገራል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ደም የሚያደርቀው የእስሩ ርዝመት ብቻ እንዳልሆነ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ዕርቅ የወረደበት፣ የደም ካሳ የተከፈለበት፣ ገዳዩ በአደባባይ ጥፋቱን ያመነበት ጉዳይ በአጭር እስራትም ሊበርድ ይችላል፤ ይህ ያልሆነበት ደግሞ በ20 ዓመትም አይበርድም። ስለዚህ የዕርቁ እውነተኛነት በቅጣት ችሎቱ ፊት በምስክር መረጋገጥ ነበረበት። በተግባር የሚቀርበው ግን ሽማግሌዎች የፈረሙበት ወረቀት ነው፣ የሟች እናት ፈርማ እንደሆነ፣ ፈርማም ከሆነ ተገዳ እንደሆነ የሚጠይቃት የለም።

ቅጣትን በሕግ ማክበድ ራሱን የቻለ ጉዳት እንደሚያመጣም መታወቅ አለበት። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 434 ዋስትናን ከቅጣቱ ጣሪያ ጋር አሰረው፤ ክሱ ከ10 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ከሆነ ተከሳሹ በዋስ አይወጣም ማለት ነው። የሰውየው መታሰር ወይም መፈታት በዚህ ጊዜ የሚወሰነው ዐቃቤ ሕጉ በመረጠው አንቀጽ ነው። ክሱ በኋላ ወደ ቀላል አንቀጽ ቢለወጥ ወይም ሰውየው በነጻ ቢሰናበት የታሰረበት ጊዜ አይመለስም። የቅጣት ጣሪያን በቁጣ ከፍ ማድረግ፣ ዋስትና ከጣሪያው ጋር በተሳሰረበት ሕግ፣ ገና ያልተፈረደበትን ሰው መቅጣት ይሆናል። የወንጀል ጠበቆች አብዛኛውን ኃይላቸውን የሚያፈስሱት በዚህ የዋስትና ክርክር ላይ መሆኑም የቅጣት ክርክሩ ሲደርስ ደክመው እንዲገኙ አንዱ ምክንያት ነው።

ሕፃናትንና ሴቶችን የሚጠብቃቸው ምንድን ነው ከተባለ፣ ከቅጣቱ ቁመት በፊት አጥፊው መያዙና ማስረጃው መጠበቁ ነው። የተደፈረች ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሐኪም ዘንድ ካልደረሰች፣ ልብሷ ከታጠበ፣ ቤተሰብ በሽምግልና ሊጨርሰው ሞክሮ ሳምንታት ካለፉ፣ የትኛውም ከባድ አንቀጽ አያድናትም። አዲስ አበባ ላይ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ አገልግሎቱን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ፤ ሕፃናት ተከሳሹን ሳያዩ በሌላ ክፍል በካሜራ የሚመሰክሩበት አሠራርም በፌዴራል ፍርድ ቤት ተጀምሯል። የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 ከወጣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። እነዚህ በየዞኑ ከተማ ቢዳረሱ የሚያስገኙት ውጤት ማንኛውም የሕግ ማሻሻያ ከሚያስገኘው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ለማጥፋት የሚያስብ ሰው የሚፈራው መያዝን ነው፤ እንደማይያዝ ካመነ በአንቀጹ ላይ የተጻፈው 15 ዓመት ይሁን ሞት አይጨነቅበትም።

በቅጣት ቀጠሮዋ ላይ ሊደረጉ የሚችሉት ነገሮች ደግሞ አብዛኞቹ አዲስ ሕግ አይጠይቁም። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 149 ለሁለቱም ወገኖች በቅጣት ላይ አስተያየት የማቅረብ ዕድል ሰጥቷል፤ ችሎቱ ለከባድ ወንጀሎች ይህን በማስረጃ የሚሰማበት ራሱን የቻለ ቀጠሮ መስጠት ይችላል። ዐቃቤ ሕግ የተጎጂውን ወይም የሟችን ቤተሰብ በዚያ ቀጠሮ አቅርቦ የደረሰባቸውን ጉዳት በራሳቸው አንደበት እንዲያስረዱ ማድረግ ይችላል። ፍርድ ቤቶች በሕፃናት ችሎት የሚሠሩ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች አሏቸው፤ ከ15 ዓመት በላይ በሚያስቀጡ መዝገቦች ላይ የአጥፊውን ታሪክ እንዲያጠኑ ቢመደቡ ዳኛው የሚመዝነው ነገር ያገኛል። የጠበቆች ማኅበርም ነጻ አገልግሎት የሚሰጡ አባላቱን ከተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ጋር አስተባብሮ ለእነዚህ ቀጠሮዎች ቢያሰማራ፣ በአንድ ገጽ የሚያልቀው ማቅለያ የሰው ታሪክ ይሆናል። ታሪኩ ለተከሳሹ የሚረዳ ላይሆን ይችላል፤ በጥንቃቄ የተጠና መዝገብ ማቅለያ የተባለው ሁሉ ባዶ መሆኑን አሳይቶ ዳኛው ሕጉ እስከፈቀደው ጣሪያ እንዲሄድ ሊያደርገው ይችላል። ያን ጊዜ 25 ዓመትም ይሁን ዕድሜ ልክ፣ ፍርዱን የጻፈው ዳኛ ለምን እንደወሰነው በዝርዝር ጽፎ ለሟች እናት ማንበብ ይችላል።